ካቶሊክና ፕሮቴስታንት፦ ቂሙ ከሃይማኖት ነው ወይስ ከርስት?

መምህሩ ከከዚራ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ አውሮፓ የተሐድሶ ዘመን፣ ፕሮቴስታንቶች ከካቶሊክ ስለተለዩበት ጊዜ፣ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ፣ «ሁለቱም በአንድ ክርስቶስ የሚያምኑ ከሆነ ለምን እንዲያ ተላለቁ? ከተላለቁስ በኋላ ለምን እስከ ዛሬ ይቀያየማሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሉተር በ1517 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የኃጢአት ስርየት ወረቀት መሸጡን ከመቃወሙ ጀምሮ መጽሐፉ የሚለውን ነገርኳት። እርሷ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ እኔ ግን በመልሴ አልረካሁም።

ያልረካሁበት ምክንያት ቤቴ ውስጥ ነው። እናቴ በሲስተሮች እጅ ተምራ ያደገች ካቶሊክ ናት፤ ዛሬም መቁጠሪያዋን የምትደግመው በፈረንሳይኛ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ሕፃናትን የማያጠምቅ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ናት። ልጃችን ስምንት ወር ሞልቶታል። እናቴ ገና በሦስተኛው ወር ለክርስትናው ነጭ ቀሚስና ሻማ ገዝታ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ቁም ሳጥኗ ላይ ያለው ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣለች። ባለቤቴ ልጁ አድጎ እምነቱን በራሱ አፍ እስኪናገር ድረስ አይጠመቅም ባይ ናት። አይጨቃጨቁም፤ እኔን መሃል አስቀምጠው ቡና ይጠጣሉ፤ ዝምታው ግን ከጭቅጭቅ ይብሳል። አንድ ቀን እናቴ ስኒዋን እያስቀመጠች፣ «የእናንተ ሰዎች ገዳም ያፈረሱ ናቸው» አለች። ባለቤቴም፣ «የእናንተዎቹስ ሰው አላቃጠሉም?» ብላ መለሰችላት። ሁለቱም አውሮፓን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ይህ ቂም በየት በኩል ድሬዳዋ ገባ?

የጀጎል አንባቢ

መምህር፣ የጠየቁት አንድ ነገር አይደለም፤ «ለምን ተጣሉ» የሚለውና «ለምን አልረሱም» የሚለው የተለያየ መልስ አላቸው። ጠቡ በእርግጥ ከሃይማኖት ተነሥቷል፤ ሰው በምን ይጸድቃል፣ የቁርባኑ ምሥጢር ምንድን ነው፣ መጽሐፉን የመተርጎም ሥልጣን የማን ነው የሚሉት ጥያቄዎች ለዚያ ዘመን ሰው የሞት ሽረት ጉዳዮች ነበሩ። ሆኖም በ1555 የተደረገው የአውግስበርግ ስምምነት በጀርመን ምድር የገዢው እምነት የግዛቱ እምነት እንዲሆን ከፈቀደ በኋላ፣ የአንድ መስፍን ሃይማኖት መለወጥ የሕዝቡን አምልኮና የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ይዞ የሚሄድ ጉዳይ ሆነ። ከ1618 እስከ 1648 የቆየው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ፕራግ ላይ ሹማምንት በመስኮት ሲወረወሩ ተጀመረ፤ በ1631 የፕሮቴስታንቶቹ ከተማ ማግደቡርግ ተቃጥላ 20,000 ያህል ሰው አለቀባት። እስከዚህ ድረስ የእምነት ጦርነት ይመስላል። ነገር ግን ካቶሊካዊቷ ፈረንሳይ፣ ያውም ሪሽሊዩ በሚባል ካርዲናል እየተመራች፣ ፕሮቴስታንቷን ስዊድን በገንዘብ ስትደግፍ ቆይታ በ1635 ራሷ ገብታ ካቶሊኩን የሀብስቡርግ ንጉሣዊ ቤት ወጋች። ተማሪዎ ይህን ብትሰማ ሌላ ጥያቄ ይዛ እንደምትመጣ አልጠራጠርም።

ወደ ሁለተኛው ልምጣ። ጀርመኖች ያን ሁሉ እልቂት አልፈው ዛሬ በሰላም አብረው ሲኖሩ በሰሜን አየርላንድ ግን ቂሙ እስከ እኛ ዘመን የዘለቀው፣ በእኔ እምነት፣ በርስት ምክንያት ነው። ከ1609 ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት በአልስተር (በሰሜናዊው የአየርላንድ ክፍል) የካቶሊኮችን መሬት ወርሶ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ለመጡ ፕሮቴስታንት ሰፋሪዎች አከፋፈለ። በ1641 ካቶሊኮች ከአየርላንድ መሬት ከግማሽ በላይ ነበራቸው፤ በ1703 በእጃቸው የቀረው 14 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ካቶሊክ መሬት እንዳይገዛ የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ በፓርላማ መቀመጥ የተፈቀደለትም በ1829 ነው። ሰፋሪዎቹም በበኩላቸው በ1641 ዓመፅ የተገደሉባቸውን ወገኖቻቸውን አልረሱም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን፤ እዚያ ግን ሁለቱም ራሳቸውን የሚቆጥሩት በተወጋው ቦታ ነው። በ1690 በቦይን ወንዝ የፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ዊልያም ድል ያደረገበት ቀን በየዓመቱ ሐምሌ 12 (በእነርሱ ወር) በሰልፍና በከበሮ ይከበራል፤ ከዋዜማው ትልልቅ ደመራ ይለኮሳል። የሚገርመው ዊልያም በዚያን ጊዜ የሀብስቡርጉ ካቶሊክ ንጉሠ ነገሥት የሊዮፖልድ አጋር ነበር። ይህን ሰልፈኞቹ ሲያነሡት ሰምቼ አላውቅም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998 ስምምነት ድረስ ከ3,500 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ቤልፋስት ውስጥ ሁለቱን ሰፈሮች የሚለዩት ግንቦች ዛሬም አልፈረሱም።

ከለገሀር ማዶ

የጀጎል አንባቢ የጻፉት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሁሉን ነገር በርስት መተርጎም የመምህሩን ባለቤት አቋም አያስረዳም። እኔ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከጣሊያን ወረራ በኋላ ከመጡት የሜኖናይት ሚስዮናውያን ሥራ የተወለደች ናት፤ በሐረርጌም ደደርና በደኖ ላይ ሠርተዋል። ሜኖናይቶቹ ደግሞ ካቶሊክም ሉተራንም ካሳደዷቸው «ዳግም አጥማቂዎች» የመጡ ናቸው። ፊሊክስ ማንዝ የተባለው ሰው ጥር 5 ቀን 1527 (ወሩም የእነርሱ ነው) ዙሪክ ላይ እጁና እግሩ ታስሮ ወንዝ ውስጥ ሰጠመ። ወንጀሉ ሕፃን ሳለ የተጠመቀን ሰው እንደገና ማጥመቁ ነበር። የፈረደበት የካቶሊክ ፍርድ ቤት አይደለም፤ የፕሮቴስታንቶቹ የከተማው ምክር ቤት ነው። እነዚህ ሰዎች የሚያስመልሱት ርስት አልነበራቸውም፤ ነገሩን ግን እስከ ዛሬ ይተርኩታል።

የምንወደውን አንድ ታሪክ ልጨምር። በ1569 በሆላንድ ዲርክ ቪለምስ የተባለ ሰው በዚሁ እምነት ተይዞ ከእስር ቤት ያመልጣል። ጾሙ አክስቶት ስለነበር የረጋውን ስስ በረዶ ተራምዶ ያልፋል፤ የሚያሳድደው ጠባቂ ግን ይከብድና በረዶው ተሰብሮበት ውኃ ውስጥ ይገባል። ዲርክ ተመልሶ እጁን ይዞ ያወጣዋል። ከዚያ ያዙት፤ በእሳትም አቃጠሉት። ያኔ የፈረዱት ካቶሊኮቹ ነበሩ። እንግዲህ ባለቤትዎ «ልጁ በራሱ አፍ ይናገር» ስትል እልኸኛ ሆና አይደለም፤ ያ ቃል ሰው የሞተበት ቃል ነው። የሉተራን ቤተ ክርስቲያናት ፌዴሬሽን፣ መካነ ኢየሱስም አባል የሆነችበት፣ በ2010 ሽቱትጋርት ላይ ተሰብስቦ ሉተራኖች በዳግም አጥማቂዎች ላይ ስላደረሱት ስደት ይቅርታ ጠይቋል። የጠየቀው 480 ዓመት ቆይቶ ነው፤ ቢሆንም ጠይቋል።

ከሐረር፣ ካቶሊክ ነኝ

ለእናትዎ ጥቂት ልሟገትላቸው። «ገዳም አፈረሱ» ያሉት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ሄንሪ 8ኛ ከ1536 እስከ 1540 ባሉት ዓመታት በእንግሊዝና በዌልስ 800 ያህል ገዳማትን ዘግቶ ንብረታቸውን ወርሷል። በሌላው በኩል በ1572 ፓሪስ ላይ በቅዱስ በርተሎሜዎስ ቀን የተጀመረውን የሁጉኖቶች (የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች) ጭፍጨፋ የፈጸሙት የእኛ ሰዎች ናቸው፤ ሉዊ 14ኛም በ1685 የአምልኮ ነጻነታቸውን ሲሽር እጅግ ብዙዎቹ አገር ጥለው ተሰደዱ።

ቂሙ በየት በኩል ገባ ላሉት፣ የገባው ከመምህራኑ ጋር ነው። ሐረር የፈረንሳይ ካፑቺን መነኮሳት አገር ነበረች። ከ1900 ጀምሮ ጳጳስ የነበሩት ሞንሲኞር ዣሮሶ፣ እኛ አባ እንድርያስ የምንላቸው፣ በራስ መኰንን ቤት ልጅ ተፈሪን ያስተማሩ ሰው ናቸው። በእነርሱ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ከፈረንሳይኛው ጋር የፈረንሳይን ትዝታም ይቀበላል፤ በአሜሪካኖች እጅ የተማረውም እንዲሁ የእነርሱን ይቀበላል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ይመልከቱ፤ ጣሊያን በያዘን ጊዜ ፈረንሳዊውን ሽማግሌ ጳጳስ ከሐረር ያስወጣው ፕሮቴስታንት ሳይሆን ካቶሊኩ ጣሊያን ራሱ ነው። የሀገራችን ሰው በካቶሊክ ላይ ያለው ጥርጣሬ ግን ከአውሮፓም አልመጣም፤ ምንጩ ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 እምነታቸውን በይፋ ወደ ካቶሊክ ለውጠው፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የተዋሕዶን ሃይማኖት መልሰው ለልጃቸው ለፋሲለደስ መንግሥቱን ያስረከቡበት ታሪክ ነው። አያቴ «ፍራንክ» (ካቶሊክ ለማለት ነው) የሚል ስድብ ሰፈር ውስጥ ስትሰማ አድጋለች።

መምህር፣ የእርስዎን ቤት የሚመስለው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ሮም በ1907 ባወጣችው ድንጋጌ ካቶሊክ ያለ ካህን የሚፈጽመውን ጋብቻ እንደ ጋብቻ አልቆጠረችም፤ የተለያየ እምነት ያላቸው ሲጋቡም ልጆቹ ሁሉ በካቶሊክነት እንዲያድጉ ቃል ታስገባ ነበር። በ1957 በአየርላንድ ፌታርድ በምትባል የባሕር ዳር መንደር አንዲት ፕሮቴስታንት እናት ልጇን ወደ ካቶሊክ ትምህርት ቤት አልልክም ብላ ልጆቿን ይዛ ጠፋች። የመንደሩ ካቶሊኮች፣ በካህኑ ድጋፍ፣ በነገሩ ከሌሉበት ፕሮቴስታንት ባለሱቆች ዕቃ መግዛት አቆሙ። የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ይቅርታ የጠየቁት በ1998 ነው። ያ መንደር የተናጋው በልጅ ምክንያት እንጂ በመሬት ምክንያት አልነበረም፤ በዚህ ከጀጎል አንባቢ ጋር እለያለሁ። በ1999 ካቶሊኮችና ሉተራኖች ሰው በጸጋ ስለ መጽደቁ አውግስበርግ ላይ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል፤ የሕፃን ጥምቀት ጉዳይ ግን በዚያ ወረቀት አይፈታም። እናትዎን የሚያሳርፍ ከሆነ፣ ካህኑ ሳያጠምቁት ልጁን መባረክ ይችላሉ፤ ባለቤትዎ ትፈቅድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቋት።

መምህሩ ከከዚራ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፈረንሳዩን ካርዲናል ነገር ለተማሪዋ ነገርኳት፤ «ታዲያ ጦርነቱን ለምን የሃይማኖት ጦርነት ትሉታላችሁ?» ብላኛለች፤ እያነበብኩ ነው።

የዲርክን ታሪክ ትናንት ማታ ለእናቴ አወራሁላት። የሰመጠውን ማውጣቱ ላይ ስደርስ መቁጠሪያዋን አቆመች። ማን እንዳቃጠለው ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ ስሙን ደግሜ እንድነግራት አደረገች። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ስለ ቡራኬው ጠየቅኋት፤ «አስብበታለሁ» ብላለች፤ ይህን ስትል የመጀመሪያዋ ነው። እናቴ ግን ሻንጣውን አውርዳ ቀሚሱን በልጁ ላይ ለክታ እንደጠበበው አይታለች፤ ቅዳሜ ከታይዋን ገበያ ሌላ ልትገዛ ነው።