ከአማዞን ውጭ መጽሐፍ የምትገዙ፣ ብሩ የት ነው የሚገባው?

ሻይ_በቅርንፉድ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በወር ሁለት ሦስት መጽሐፍ እገዛለሁ፣ ሁሉንም ከአማዞን። ባለፈው ሰፈሬ ያለው ትንሽ መጽሐፍ ቤት ሲዘጋ ከፋኝ። እውነቱን ለመናገር ግን አንድም ቀን ገዝቼ አላውቅም። ገብቼ አገላብጣለሁ፣ ዋጋውን በስልኬ አያለሁ፣ እወጣለሁ። አሁን ቡክሾፕ ዶት ኦርግ ስለሚባል የመጽሐፍ መሸጫ ድረ ገጽ ሰማሁ። የምር ብሩ ለሱቆቹ ይደርሳል? ወይስ ሌላ አማዞን ነው?

የመደርደሪያ_ሰው፦
ልጄ፣ እንዳንቺ ያለውን ደንበኛ ከበር ጀምሮ እናውቀዋለን። ሽፋኑን ፎቶ ያነሳና «እመለሳለሁ» ይላል። ዋሽንግተን አካባቢ አንድ መጽሐፍ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ቡክሾፕን አንዲ ሀንተር የሚባል አሳታሚ በፈረንጆቹ ጥር 2020 ጀመረው። ሁለት ወር ሳይሞላው ኮሮና መጣ። እኛም በራችንን ዘጋን። ባለቤቷ ማታ ማታ እየደወለች «ዛሬ አሥራ አንድ ሰው ገዛ» ትለኝ ነበር። ሱቁ ጨለማ፣ መጽሐፉ ግን ይሸጣል። ለኔ ተአምር ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሱቁ እዚያ የራሱ ገጽ አለው። ከገጹ የ20 ዶላር መጽሐፍ ስትገዢ 6 ዶላሩ የሱቁ ነው፤ ከሽፋን ዋጋው 30 በመቶ ማለት ነው። መጽሐፉን እኛ አንነካውም። ኢንግራም የሚባለው ትልቁ ጅምላ አከፋፋይ ከመጋዘኑ አሽጎ ይልክልሻል። ከመደርደሪያ ብንሸጠው 8 ወይም 9 ዶላር እናገኝበት ነበር። ግን ከዚያ ላይ ኪራይ አለ፣ የኔ ደሞዝ አለ፣ ሳይሸጥ የሚመለስ ካርቶን አለ።

ሱቅ ሳትመርጪ ከገዛሽ 10 በመቶው ብቻ ጋራ ቋት ይገባል፣ በየስድስት ወሩ ለአባል ሱቆች እኩል ይካፈላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሱቅ ምረጪ! ብዙ ሰው ይቺን ይዘላታል። «ሌላ አማዞን» ላልሽው፣ ድርጅቱ ራሱ ለአማዞን ወይም ለሌላ ትልቅ ቸርቻሪ እንዳይሸጥ ደንቡ ላይ ሰፍሯል። ርካሽ ነው ግን አልልሽም። መላኪያም ትከፍያለሽ።

አሥራ_ስምንት_ጎማ፦
ትራክ ነጂ ነኝ፣ ዓይኔ ሥራ ላይ ነው። በጆሮ የሚደመጥ መጽሐፍ የሚሸጠውን ሊብሮ ዶት ኤፍኤምን ሞክሩ። በወር 14.99 ዶላር፣ አንድ መጽሐፍ። ፋይሉን አውርዳችሁ ታስቀሩታላችሁ። ከትርፉ ለመረጣችሁት ሱቅ ይደርሰዋል።

ሻይ_በቅርንፉድ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የአማርኛ መጽሐፍ ግን ፈልጌ አጣሁ።

የመደርደሪያ_ሰው፦
አታገኚም። የሁሉ ነገር ቁልፍ ድረ ገጹ ሳይሆን መጋዘኑ ነው። አዲስ አበባ ታትሞ የሚመጣው አብዛኛው መጽሐፍ ኢንግራም ዝርዝር ውስጥ የለም። የሌለ ነገር ደግሞ አይታዘዝም። የኛ መጽሐፍ አሁንም በሻንጣ ነው የሚመጣው። በርበሬና ሽሮ አጠገብ፣ ከእንጀራው በላይ ያለች መደርደሪያ ላይ ታገኚዋለሽ።

አንድ ደራሲ ሁለት ሻንጣ ሙሉ ይዞ ሱቃችን መጣ። «ሲሸጥ ትከፍሉኛላችሁ» ብሎ አስቀመጠ። አምስት ቅጂ ብቻ ተሸጠ። ደንበኛ አጥቶ አይደለም፤ ቦስተንና ዳላስ ያለው ፈላጊ ማዘዣ መንገድ ስለሌለው ነው። ለሚቀጥለው መጽሐፉ ኢንግራምስፓርክ በሚባለው የኢንግራም አገልግሎት ላይ እንዲመዘገብ መከርኩት። እዚያ ሰው ሲያዝ አንድ ቅጂ ይታተማል፤ የማንኛውም ሱቅ ሠራተኛም ኮምፒውተሩ ላይ ያገኘዋል። ያልተሸጠ ካርቶን ሳሎን ውስጥ አይከመርም። ሰማኝ መሰለኝ፣ ግን ሻንጣውን ይወዳታል።

ከቤት መውጣት ከፈለግሽ ጆርጂያ አቬኑ ሂጂ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ኃይሌ ገሪማና ሺሪኪያና አይና የከፈቱት ሳንኮፋ የሚባል መጽሐፍ ቤት አለልሽ። ቡናም አለው። ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ።

ሻይ_በቅርንፉድ፦
ሃሃ፣ ተቀጣሁ። የእርስዎ ሱቅስ ስሙ ማን ነው? ቡክሾፕ ላይ እሱን ልምረጥ።

የመደርደሪያ_ሰው፦
በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።