ከኦቲዝም ማዕከል ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ያዛወራችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁት?

የናቲ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 7 ዓመት ከመንፈቁ ነው፣ ኦቲዝም አለው። ሦስት ዓመት ማዕከል ቆይቷል። እውነት ለመናገር ብዙ ተለውጧል። ሽንት ቤት ብቻውን ይሄዳል፣ ሲርበው "ዳቦ" ይላል፣ ማንበብማ ማንም ሳይነግረው ታክሲ ላይ የተለጠፈውን ጥቅስ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ተሳፋሪው ይስቃል። አሁን መምህራኖቹ "ከእኩዮቹ ጋር ቢሆን ይሻለዋል፣ ለመስከረም አስቢበት" አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ አጣሁ።

ሦስት የግል ትምህርት ቤት ሄጃለሁ። አንዷ ዳይሬክተር ፈገግ ብላ "ቦታ ሞልቷል" አለችኝ፣ ከእኔ ኋላ የገባችው ሴትዮ ግን ልጇን አስመዝግባ ወጣች። ሁለተኛው ጋ ረዳት ራስሽ ቅጠሪ፣ ክፍያውም እጥፍ ነው ተባልኩ። ሦስተኛው እሺ ብለዋል፣ ግን ኬጂ 2 ይግባ ነው የሚሉት። ናቲ ቁመቱ ትከሻዬ ደርሷል። በዚያች ሚጢጢ ወንበር ላይ ከአምስት ዓመት ልጆች ጋር?

ባለቤቴ "የለመደበት ይቆይ" ይላል። እስቲ ንገሩኝ፣ ረዳት ከየት ነው የሚገኘው? ሙሉ ቀን ይጀምር ወይስ ግማሽ? የመንግሥት ትምህርት ቤት የሞከረ አለ? እባካችሁ ፀበል ውሰጂው እንዳትሉኝ። ወስጄዋለሁ፣ ወደፊትም እወስደዋለሁ፣ አሁን የቸገረኝ ግን ትምህርት ቤቱ ነው።

የሳሮን እናት፦

እህቴ፣ ኬጂውን እርሺው። ልጅ የሚማረው ከእኩያው ነው። ስለ ረዳቷ ግን እኔ የሠራሁትን ስህተት ልንገርሽ።

ለሳሮን የአክስቴን ልጅ ቀጠርኩላት። ደግ ልጅ ናት፣ ሳሮንን እንደ እንቁላል ነው የምትይዛት። ጎኗ ቁጭ ብላ እርሳስ ትቀርጻለች፣ ደብተር ትገልጣለች፣ መምህሯ ስትጠይቅም እሷው ትመልሳለች። ልጆቹ ራሱ "ሳሮን ትጫወታለች?" ብለው የሚጠይቁት እሷን ነበር። አንድ መንፈቅ እንዲህ አለፈ። ልጄ ክፍል ውስጥ አለች፣ ግን ከአክስቴ ልጅ በቀር የምታውቀው ሰው የለም! ብር ከፍዬ ግድግዳ ነው ያቆምኩላት።

አንድ ቀን የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ረዳቷን ተነሺ ብላ የመጨረሻው ዴስክ ላይ አስቀመጠቻት። ሳሮን ሁለት ቀን አለቀሰች፣ እኔም ቤት አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ላጲስ ጠፋባት። ዞር ብላ ረዳቷን አየች፣ ሩቅ ናት። ከዚያ አጠገቧ ያለችውን ልጅ እጅጌ ጎተተች። ቃል አልተነፈሰችም፣ ጎተተች ብቻ። ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ ጓደኛዋ ናት። ስለዚህ ረዳት ስትቀጥሪ ከመጀመሪያው ቀን ንገሪያት፣ ከኋላ እንድትቀመጥና ሲያቅተው ብቻ እንድትደርስለት።

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦

የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። አልዋሽሽም፣ ክፍሌ ውስጥ 54 ልጆች አሉ። ግን ያንቺን ዓይነት ሁለት ልጆች አስተምሬያለሁና የማውቀውን ልበል።

መጀመሪያ መብቱን እወቂ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፣ አንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት ነው፣ ማለትም አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብረው ስለ መማራቸው። ይህን ስትጠቅሺ "ቦታ ሞልቷል" የሚለው ፈገግታ ትንሽ ይቀንሳል። አንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሪሶርስ ሴንተር የሚባል የድጋፍ ክፍልና በልዩ ፍላጎት የሠለጠነ መምህር አለ። ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የትኛው ጋ እንዳለ ጠይቂ፣ ስም ብቻ ሆኖ በሩ የተቆለፈም ሊሆን ስለሚችል ሄደሽ በዓይንሽ እዪው።

ከፊደል ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የጠዋት ሰልፉ ነው። ሕዝብ መዝሙር በድምፅ ማጉያ፣ ስንት መቶ ልጅ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ ደወሉ። የእኛ ደወል የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው፣ በብረት ሲመታ እኔም ጥርሴን ነው የሚያመኝ። አንዱ ተማሪዬ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ይተኛ ነበር። "አስቸጋሪ ነው" ብለው ሊያስወጡት ነበር። ከሰልፉ በኋላ 15 ደቂቃ ዘግይቶ በጎን በር እንዲገባ አደረግን፣ ቀኑ ሙሉ ተስተካከለ። ምገባውም ያው ነው፣ ጫጫታና ወረፋ። ዳቦ ብቻ የሚበላ ከሆነ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይምጣ።

ናቲን ጳጉሜን ላይ፣ ግቢው ባዶ እያለ አምጪው። ወንበሩን፣ ሽንት ቤቱን፣ በሩን ይይ። መስከረም ላይ እስከ እረፍት ብቻ ይቆይ፣ ከዚያ እየጨመራችሁ ሂዱ። ደግሞ ለመምህሯ አንድ ገጽ ጻፊላት። ምን ያስደነግጠዋል፣ ሲደነግጥ ምን ያደርጋል፣ ምን ያረጋጋዋል። የሐኪሙን ወረቀት አምጥተው ይሰጡኛል፣ እሱ ግን ሐሙስ ከሰዓት ልጁ ዴስክ ሥር ሲገባ ምን እንደማደርግ አይነግረኝም።

አባ ቢኒ፦

ይቅርታ፣ ሁላችሁም ቀላል አስመሰላችሁት። እኔ ሞክሬ መልሼ ያወጣሁ ነኝ። ልጄ ጥፍሩን እስኪደማ መንከስ ጀመረ፣ ሌሊት ይባንናል። አራት ወር ታገስኩ። ማዕከል ስመልሰው ዘመድ ሁሉ "ተስፋ ቆረጥክ" አለኝ። ማሻገር ብቻውን ድል አይደለም። ባለቤትሽንም አትቆጪው፣ ፈርቶ ነው። እንዲያውም የማዕከሉን ቦታ ቶሎ አትልቀቂ፣ ወረፋውን ታውቂዋለሽ። ሦስት ቀን እዚያ ሁለት ቀን እዚህ ይሆን እንደሆነ ጠይቂያቸው።

ሳሚ ከሜሪላንድ፦

እዚህ አሜሪካ ከ1975 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ሕግ አለ፣ ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ልጅ አይ ኢ ፒ የሚሉት የራሱ ዕቅድ ይዘጋጃል፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታያል። እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ አስተርጓሚ ማቅረብም የእነሱ ግዴታ ነው። እኔ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አፍሬ "ገብቶኛል" ብዬ ፈረምኩ፣ ግማሹ አልገባኝም ነበር፤ እዚህ ያላችሁ አበሾች አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ለናቲ እናት ግን ከዚህ የሚጠቅማት አንድ ነገር ነው፦ የተስማማችሁትን ሁሉ በጽሑፍ አድርጊ። መምህሯ ብትቀየር ወረቀቱ ይቀራል።

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦

@ሳሚ ትክክል። እኔም ጋ ያ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ሲያልፍ የጎን በሩን ነገር ለአዲሱ መምህር የነገረው ሰው አልነበረም። ከመጀመሪያው ተጀመረ።

የናቲ እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ። አባ ቢኒ፣ ያንተን ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ ዝም አለ፣ ቆይቶ "ሁለት ቀኑ ይሞከር" አለ። ዛሬ ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ደወላቸውን ሰማሁት። ቸርኬ ነው። ድምፁን ስልኬ ላይ ቀድቼ መጣሁ፣ ማታ በጣም ዝቅ አድርጌ ከፈትኩለት። ጆሮውን አልያዘም። ስልኩን ወስዶ ራሱ ደገመው።