ለሚሽን የመጣ እንግዳ የልጆቻችንን ፎቶ ቢለጥፍ ምናለበት?

አስተርጓሚው፦ ከውጭ ለአጭር ጊዜ ሚሽን ለሚመጡ ቡድኖች አስተረጉማለሁ። ትናንት ፒያሳ ካለው ሆቴላቸው ይዣቸው ወደ ግንፍሌ ወረድን። ለልጆች ጫማ ሊያድሉ ነው። አንዷ እንግዳ ለአንዲት ልጅ አዲስ ጫማ አጠለቀችላት። ከዛ "ውይ፣ የበፊቱን ሳላነሳ" ብላ አስወለቀቻትና አሮጌውን መልሳ አስደረገቻት። ፎቶ ተነሳ፣ አዲሱ ወደ እግሯ ተመለሰ። "ትንሽ አንገቷን ትድፋ በላት" ስትለኝ እኔም ተረጎምኩ። እናትየው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ሆቴል ሳንደርስ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ነበር። ጥፋት ነው ወይስ እኔ ነኝ የማካብደው?

የአራዳ ልጅ፦ አካብደሃል። ልጆቹ ራሳቸው "ፎቶ! ፎቶ!" እያሉ አይደል የሚሯሯጡት? ጫማው ደግሞ እውነተኛ ጫማ ነው።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦ እኔ የምሠራበት ድርጅት በእንደዚህ ዓይነት ቡድኖች ነው የሚኖረው። ፎቶ የሌለው ሪፖርት ልከን እናውቃለን፤ መልስ እንኳን አልመጣም። ፎቶ ሲኖረው የአንድ ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም በሳምንት ይሸፈናል። ጫማ ማስወለቁ ነውር ነው፣ እሱ ላይ አልከራከርም።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም ረሃብተኞች ምስል በቢቢሲ ባይታይ ያ ሁሉ እርዳታ ይመጣ ነበር? ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ እዚሁ አዲስ አበባ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በድግስ ሲከበር ነበር። ረሃቡን ያጋለጠው ካሜራ ነው።

የሕግ ተማሪው፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያ ዜና ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ሕዝብን የሚመለከት ጉዳይ ሲሆን ይፈቅዳል። ኮረም በዚያ ያልፋል። የሕፃን ቀዳዳ ጫማ በየት በኩል ይለፍ?

የአራዳ ልጅ፦ አስፈርመው ቢሆንስ?

ሲስተር፦ ከውጭ ከመጡ የሕክምና ቡድኖች ጋር ሠርቻለሁ። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነው። የሚፈረመው ሰው መድኃኒት ሊቀበል ተሰልፎ እያለ ነው። አንድ አባት "ሲስተር፣ ካልፈረምኩ ይከለክሉኛል?" አሉኝ። አይከለክሉዎትም አልኳቸው። አልፈረሙም። ከኋላቸው የነበሩት አራቱም አልፈረሙም።

የቀበናዋ፦ እኔ እንደዛ ተነስቼ ነበር። ሰባት ዓመቴ ነው፣ ንፍጤ ወርዶ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ጓደኛዬ ስልኳን አምጥታ "ይቺ አንቺን አትመስልም?" አለችኝ። ከሥሩ ወላጅ እንደሌለኝ ተጽፏል። እናቴ አለች እኮ! ያን ቀን ጠዋት ፊቴን አጥባኝ ነው እንጀራ ልትሸጥ የወጣችው። እውነቱን ለመናገር የተማርኩት በነሱ ገንዘብ ነው። ይሄንንም አልክድም። ፎቶውን ግን እስከዛሬ ለእናቴ አላሳየኋትም።

የአራዳ ልጅ፦ እሺ፣ ይሄኛው ከበደኝ።

ዘማሪው፦ ፈረንጁን ብቻ አንማ። ከኛ ቸርች ወጣቶች ጋር ለወንጌል ደቡብ ኦሞ ሄደን ነበር። ሙርሲዎች ፎቶ ሲነሱ ብር ይጠይቃሉ፤ እኛ በዚህ ስንስቅ ከረምን። የአንድ ሽማግሌ ፎቶ ፕሮፋይሌ ላይ ስድስት ወር ቆየ። ስማቸውን አልጠየቅኩም። ቲክቶክ ላይ ዘይትና ዱቄት ይዘው ሰው ቤት ገብተው የሚያስለቅሱትማ የራሳችን ልጆች ናቸው።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦ እና ፎቶ ይቅር ከተባለ የኔ ልጆች መስከረም ላይ ምን ይልበሱ?

ሲስተር፦ ከጀርባ ይነሱ። ክፍሉ፣ ደብተሩ፣ እጃቸው ይነሳ። ስምና ሰፈር አብሮ አይውጣ።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦ ሞክረነዋል። ፊት የሌለበት ፎቶ የሚያመጣው ብር ያንሳል። ደስ አይልም፣ ግን እንደዛ ነው።

አስተርጓሚው፦ ዛሬ ቁርስ ላይ አናገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ከዛ ፎቶውን አጠፋችው። ቸርቿ ግን ሌሊቱን አጋርቶታል፤ እሱን ማን ያጥፋው? የፊታችን ቅዳሜ ሌላ ቡድን ይመጣል፣ 22 ሰው። ፎርሙን በአማርኛ እየጻፍኩት ነው። የመጀመሪያው መስመር "ባትፈርሙም ጫማው የናንተ ነው" ይላል። የሕግ ተማሪው፣ ታየልኛለህ?

የሕግ ተማሪው፦ ላከው። ሲስተርም ትየው፣ የሰልፉን ነገር እሷ ታውቃለች።