አስቸኳይ፦ ለአራስ ክፍል የሚሆን ሶላር አምፖል ባሕር ዳር የት ይገኛል?

የሽምብጡ፦ ወገን፣ ዛሬውኑ መልስ እፈልጋለሁ። ሰፈራችን መብራት ከትናንት ወዲያ ማታ እንደጠፋ ነው። ትራንስፎርመሩ ነው ይላሉ፣ መቼ እንደሚመጣ የሚነግረን የለም። ባለቤቴ ክፍሉ ጨለመብኝ እያለች ታለቅሳለች። ሻማ እንዳናበራ እናቴ ጭሱ ለሕፃኑ አይሆንም አለች። ስንት ዋት ይበቃል? የትኛውስ ይቆያል? ክፍሉ ሦስት በአራት ነው። ከሥራ ወጥቼ ሱቅ ሳይዘጋ ልድረስ።

ቀበሌ 14፦ በቀንም ነው የጨለመባት? ቤቱ መስኮት የለውም?

የሽምብጡ፦ አለው እንጂ። አራስ ናት እኮ። እናቴ ልታርሳት ከዘጌ ከመጣች ጀምሮ ተዘግቷል፣ ብርድ ልብስም ተሰቅሎበታል። ብርድና ምች እንዳይመታት ነው። ጥያቄዬ ስለ አምፖሉ ነው።

ሽቦ ቆራጩ፦ በነሐሴ ሶላር? ደመናው እንዲህ ከብዶ ፓነሉ በወጉ አይሞላልህም። ከገዛህ በሶላርም በመብራትም የሚሞላውን፣ ባትሪው ሊትየም የሆነውን ውሰድ። ለማታ 5 ዋት ኤልኢዲ ለዚያ ክፍል ይበቃል። ቀኑን በአምፖል ላነጋው ካልክ ግን ብርህን ነው የምትጥለው።

መስኮት ክፈት፦ መስኮቱን ክፈት።

መምህር ነኝ፦ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። በሰኔ ረጅሙ ቀንና በታኅሣሥ አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም በታኅሣሥ የቀን ብርሃን የሚያገኘው ለ6 ሰዓት ገደማ ነው፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ እነ ኖርማን ሮዘንታል በ1984 እ.ኤ.አ. ስም ሰጥተው የጻፉለት የብርድ ወራት ድብርት እንዲህ ያለውን አጭር ቀን ይመለከታል። እኛ ጋ ቀኑ አላጠረም። ብርሃኑን ያሳጠረው ብርድ ልብሱ ነው። ተራ አምፖል የበራበት ክፍል 100፣ 200 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ቢያገኝ ነው። ደመና በሸፈነው ሰማይ ሥር በረንዳ ላይ ብትቆም ግን ብዙ ሺህ ሉክስ አለ፣ ደመናው ተገልጦ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲሆን ወደ 100,000 ይጠጋል። እዚያ አገር ለድብርቱ የሚታዘዘው መብራት 10,000 ሉክስ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ለ30 ደቂቃ። እስቲ አስላው፣ ስንት አምፖል ልትገዛ ነው?

ሽቦ ቆራጩ፦ መምህር፣ ሰውየው ሱቅ ሊዘጋበት ነው፤ እርስዎ ፈተና ያወጣሉ።

እማማ ዘነቡ ነኝ ባይ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት፣ ልጄ። እናትህን እንዳታስቀይም። እኛ ሁላችንም ጨለማ ቤት ነው የታረስነው፣ ምንም አልሆንን። የዘንድሮ ልጅ ገንፎው ቀርቦላት መስኮት ታማርጣለች።

የሁለት ልጆች እናት፦ እማማ፣ ያኔ ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቀዎት ሰው ነበር? እኔ ስታረስ ቀንና ሌሊቱ ተደበላልቆብኝ የማለዳ ደወል ሲሰማ የማታ ይመስለኝ ነበር። ደግሞ አንተ፣ መብራቱ የጠፋው ከትናንት ወዲያ ነው። መስኮቱ ከዚያ በፊት ነው የተዘጋው። ያኔስ አታለቅስም ነበር?

የሽምብጡ፦ ታለቅስ ነበር፣ ግን እንዲህ አይደለም። መስኮቱን ልክፈት ስል እናቴ ተቀየመች። አሁን ሁለቱ አይነጋገሩም፣ እኔ መሐል ነኝ።

ቀበሌ 14፦ ፍልሰታ አይደል? እናትህ ቅዳሴ ሲሄዱ ትከፍተዋለህ፣ ሲመለሱ ትዘጋዋለህ። አለቀ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ተደብቆ በተከፈተ መስኮት ሌላ ጠብ ነው የሚገባው።

ሲስተር፦ ከወለደች ስንት ጊዜዋ ነው? ዋናውን ሳትነግረን ዋት ትጠይቀናለህ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስና ማልቀስ ብዙ እናቶች ላይ ይታያል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ፣ ምግብ ካስጠላት፣ ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካላት ግን ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል። ይታከማል። ብርሃን ያግዛታል፣ ሕክምናውን ግን አይተካም። ራሴን ወይም ልጁን እጎዳለሁ ካለች፣ ወይም ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰማች፣ ነጋ አልነጋ አትበል። ብቻዋን ሳትተዋት ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ውሰዳት።

እናትህ የሚፈሩት ነፋሱን ነው። ስለዚህ ብርድ ልብሱ ይውረድ፣ መስታወቱ ይዘጋ፣ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠጉላት። ጠዋት ጋቢዋን ተከናንባ በረንዳ ላይ ትቀመጥ። በመስታወት የሚገባ ፀሐይ ግን ለሕፃኑ አጥንት አይሆንም፣ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ደመናው ሲገለጥ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ነፋስ የሌለበት ቦታ ላይ እናትህ ራሳቸው ፀሐይ ያሙቁት። ሥራው የአያት ይሁን፣ ኩርፊያውም ይላላል። ማታ ደግሞ ክፍሉ ደብዘዝ ይበል፤ ስታጠባ ስልክ ፊቷ ላይ አታብሩ። ሕፃኑ ቀንና ሌሊት መለየት የሚጀምረው ሁለት ሦስት ወር ሲሆነው ነው።

እማማ ዘነቡ ነኝ ባይ፦ ጠዋት ፀሐይ ማሞቁን እኛም እናውቃለን፣ ሲስተር። ቅቤ ተቀብቶ ነው እንጂ።

ሲስተር፦ ቅባቱ ከፀሐይ በኋላ፣ እማማ።

የሽምብጡ፦ ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ገንፎውን ከትናንት ጀምሮ አልነካችውም። ወደ ቤት እየሄድኩ ነው።

ሲስተር፦ እንግዲያው ሱቁን ተወው። ዛሬ ማታ አጠገቧ ሁን፣ ምን እንደሚሰማት ጠይቃት፣ እናትህ ሳይሆኑ አንተ። ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ይዘሃት ሂድ፣ እናትህም አብረው ይምጡ። ያዋለዳት ጤና ጣቢያ ከሆነ ካርዷ እዚያው አለ።

መስኮት ክፈት፦ ሁሉንም አላነበብኩም፣ ግን መስኮቱን ክፈት።

ዲያስፖራ ሰፈር፦ ሽቦ ቆራጩ፣ ያ በመብራትም የሚሞላው ስንት ገባ? ለበሬ ማድለቢያ ቤት ነው፣ በሬዎቹ መስኮት አላቸው።