የተሰረዘ ገጽ ለምን ከቦታው ይነሳል? የዊኪ አሰራር ቢቀየርስ?

ዊኪጠባቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በሚዲያዊኪ (ዊኪፔዲያም በሚሰራበት ሶፍትዌር) የሚሰራ ዊኪ አስተዳድራለሁ፣ አንድ ነገር በጣም አስቸግሮኛል። አንድ ገጽ ይሰረዛል። ቆይቶ ሌላ ሰው በዚያው ርዕስ ስለ ፍጹም ሌላ ጉዳይ ይጽፋል፣ እሱም ይሰረዛል። ከዚያ የመጀመሪያውን ልመልስ ስል የሁለቱም ዕትሞች (ገጹ በታረመ ቁጥር የሚቀመጡት ቅጂዎች) በአንድ ዝርዝር ተደበላልቀው ይመጡብኛል። ቀኑንና ጸሐፊውን እያዩ አንድ በአንድ መምረጥ ነው፣ አለዚያ የማይገናኙ የሁለት ጽሑፎች ታሪክ አንድ ገጽ ላይ ይቀላቀላል። ገጹ ባለበት ሆኖ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ብቻ ቢደረግበት ምን ነበረበት?

የቴብልሰው፦
ስትሰርዝ የገጹ ረድፍ ፔጅ ከሚባለው የዳታቤዝ ቴብል (ሰንጠረዥ) ይጠፋል፣ ዕትሞቹ ደግሞ ከሪቪዥን ወጥተው አርካይቭ ወደሚባል ቴብል ይገባሉ። ስትመልስ ይኸው ሥራ ወደኋላ ይደገማል። አሰራሩ የቆየ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ስሪት 1.5 ሲወጣ ከርና ኦልድ የሚባሉት ቴብሎች ቀርተው በቦታቸው ፔጅ፣ ሪቪዥንና ቴክስት ገቡ፣ አርካይቭ ግን እስከ ዛሬ አለ። ዕትሙ የበዛ ገጽ ሲሰረዝ ዳታቤዙ ይጨናነቃል። ዊኪፔዲያ ላይ ከ5000 በላይ ዕትም ያለውን ገጽ ተራ አድሚን እንዳይሰርዝ የተከለከለውም ለዚህ ነው።

ጥንቃቄ፦
እኔ ምልክት ብቻ የሚለው ያስፈራኛል። የሚሰረዘው ሁሉ ተራ ጽሑፍ አይደለም፣ የሰው ስልክ ቁጥር አለ፣ ስም ማጥፋት አለ። ምልክት ብቻ ከሆነ ገጽ የሚፈልግ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ሁሉ፣ የኤክስቴንሽኖቹም (የተጨማሪ ፕሮግራሞቹም) ጭምር፣ «ያልተሰረዘውን ብቻ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ሊኖረው ግድ ነው። አንዱ ፕሮግራመር ረሳው ማለት ምስጢሩ አደባባይ ወጣ ማለት ነው። ሌላም አለ፤ ፔጅ ቴብል በአንድ የስም ክፍል (እንደ «ውይይት» ወይም «መለጠፊያ» ያለ የገጾች ምድብ) ውስጥ አንድን ርዕስ ሁለት ጊዜ አይቀበልም። የተሰረዘው እዚያው ከተቀመጠ በዚያ ርዕስ አዲስ ገጽ መፍጠር አትችልም።

መሃልመንገድ፦
የጥንቃቄ ስጋት እውነት ነው፣ ግን ዕትሞቹን ሳናንቀሳቅስም መፍትሔ አለው። የገጹን ረድፍ ብቻ ለተሰረዙ ገጾች ወደተዘጋጀ ቴብል እንውሰደው፣ እዚያ ርዕስ ቢደጋገም ችግር የለውም፣ የገጹ መለያ ቁጥር ግን አይቀየርም። ዊኪጠባቂ ያነሳኸው ጣጣ ያኔ ያበቃል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ገጾች በሁለት ቁጥር ለየብቻ ይታዩሃል፣ የፈለግከውን ትመልሳለህ። ፔጅን ከሪቪዥን ጋር የሚያገናኝ ኩዌሪም የተሰረዘውን አያገኘውም። ቀዳዳው ፔጅን ሳይነካ በቀጥታ ሪቪዥንን የሚያነበው ኮድ ነው፣ እሱ ቀድሞ መስተካከል አለበት። ደግሞ አንድ ነጠላ ዕትም ስንደብቅ አሁንም ረድፉ ከቦታው አይነሳም፤ ጽሑፉ፣ ማጠቃለያውና የጸሐፊው ስም ለየብቻ ምልክት ይደረግባቸዋል፣ ያንን ምልክት የሚያከብር ኮድም አለ። ስለዚህ ከዜሮ አንነሳም።

ዊኪጠባቂ፦
ይሄ ገብቶኛል፣ በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ብዙ አድሚኖች መሰረዝንና መርጦ መመለስን የሚጠቀሙት የተደባለቀ ታሪክ ለመለየት ነው። ዕትሞቹ የማይንቀሳቀሱ ከሆነ ያ መንገድ ይዘጋል፣ ስለዚህ የተመረጡ ዕትሞችን በቀጥታ ወደ ሌላ ገጽ የሚያዛውር መሣሪያ ከለውጡ በፊት መሰራት አለበት። ይህን የሞከረ ካለ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።