ጠቅልለን ልንገባ ነው፤ በካምፐር ቫን ከሲያትል ዲሲ ስንሄድ ወዳጆቻችንን ምን እናድርጋቸው?

የሬኒየሯ፦

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

እኔና ባለቤቴ ሁለት ልጆቻችንን ይዘን አዲስ አበባ ጠቅልለን ልንገባ ነው። ቤቱን ለቀናል። ዕቃውም ኮንቴነር ውስጥ ገብቷል። የቀረን አንድ ያገለገለ ፎርድ ትራንዚት ነው፤ የሸጠልን ሰውዬ አልጋና ትንሽ ወጥ ቤት ሠርቶበታል። በእሱ ከሲያትል ተነሥተን ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስና ኮሎምበስ ያሉትን ወዳጅ ዘመዶች ተሰናብተን ዲሲ አጠገብ ካለው ዱለስ ኤርፖርት እንበራለን። መስከረም ላይ ነው የምንነሣው።

መንገዱ አያስፈራኝም። ባለቤቴ ለዓመታት ትራክ ነድቷል። የሚያስፈሩኝ አስተናጋጆቻችን ናቸው። ለዴንቨሯ ጓደኛዬ "ቫኑ ውስጥ እናድራለን" ብላት አኮረፈች። "ቤት እያለኝ ልጆችሽን መኪና ውስጥ ልታሳድሪ? ሰው ምን ይላል?" ነው መልሷ። ሚኒያፖሊስ ያለችው የልጄ ክርስትና እናት ፍራሽ ገዝታ ትጠብቃለች። ኮሎምበስ ያለው አጎቴ በግ አዟል፤ እሱ ቤት ገብቶ በተባለው ቀን የወጣ እንግዳ ደግሞ አላውቅም። ቫኑን የገዛነው እኮ ልጆቹ በየከተማው አልጋ እንዳይቀያይሩ ብለን ነው። ትንሹ ቦታ ሲለወጥበት ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን አይከድንም።

ሌላው የወረቀቱ ጣጣ ነው። የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬት ገና እያስረጋገጥን ነው፤ እኛ ግን አሁን አድራሻ የለንም። ዕቃችንን የሚልከው ድርጅትም ዛሬ የነገረንን ቀን ነገ ይለውጠዋል። ኢሜይል ስጽፍ "እያየነው ነው" ብለው ዝም። ሞንታና መሀል ኔትወርክ በሌለበት "ዛሬውኑ ፈርሙ" ብባል ምን ልሆን ነው?

ባለቤቴ ደግሞ "ቫኑንም ይዘነው እንግባ፣ ላንጋኖ እንወርድበታለን" ይላል። ይሆናል? የሞከረ ካለ ይንገረኝ።

ባለቫኑ ከአውሮራ፦

እንኳን ደስ ያላችሁ እህቴ። እኔ ስለ መንገዱና ስለ ማደሪያው ልንገርሽ፤ ስለ በጉ ሌሎች ይመልሱልሽ።

ሞንታና ካልሽ በቢሊንግስ ልትወርዱ ነው ማለት ነው። ያም ሆነ በቦይሲ፣ አብዛኛው ሰው ዋዮሚንግን አቋርጦ ነው ዴንቨር የሚገባው። ባለቤትሽ በትራክ ያውቀው ይሆናል፤ ጭነት የሌለው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ቫን ግን ሌላ ነው። በተለይ ኢንተርስቴት 80 የሚባለውን አውራ ጎዳና ከያዛችሁ፣ ከሮሊንስ እስከ ላራሚ ያለው ነፋስ መሪውን ከእጅ ይነጥቃል። ከላራሚ በስተምሥራቅ ያለው ሸርማን ሰሚት ከባሕር ጠለል 2,633 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ሳትደርሱ ደጋ ትለምዳላችሁ። ነፋሱ ሲብስ ቀላልና ረጃጅም መኪኖች እንዳያልፉ ይከለከላል። ያን ጊዜ ሮሊንስ አድሮ ማለዳ መነሣት ነው እንጂ አጉል ጀግንነት አያዋጣም።

ማደሪያ አይቸግራችሁም። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አውራ ጎዳና ዳር ባሉት ማረፊያዎች ቢበዛ ለ8 ሰዓታት መቆም ይፈቀዳል። አንዳንድ ዋልማርትም ያሳድራል፤ እንደ ቅርንጫፉ ስለሆነ ገብታችሁ ማናጀሩን ጠይቁ።

አሁን ዋናውን ልበል። ቡና እንደማይቀርላችሁ አውቃለሁ። ከሰል ግን ቫኑ ውስጥ እንዳይነድ፤ በሩ ተከፍቶም ቢሆን። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸት፣ አይታይ፤ የተኛ ልጅ ሳይነቃ ይገድላል። መጠቆሚያ መሣሪያ ከሌለው ሳትነሡ ግዙ። እኛ ጀበናውን ውጭ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ነው የምንጥደው። ዕጣኑም ውጭ ይጨስ፤ ቫን ውስጥ ከገባ ፍራሹ ለወራት ሲሸት ይኖራል፣ ገዢም ያሸሻል።

ለዴንቨሯ ጓደኛሽ "እናድራለን" አትበያት። "ሰፈራችሁ ቫን በር ላይ ማሳደር ይፈቅዳል ወይ?" ብለሽ ጠይቂያት። እዚህ ዴንቨር አካባቢ ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ያለበት ሰፈር ብዙው አይፈቅድም። እሷም ለመፍቀድና ላለመፍቀዱ መሯሯጥ ስትጀምር ኩርፊያውን ትረሳዋለች።

ተመላሹ፣ ሲኤምሲ፦

ላንጋኖን እርሱት። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ተከልክሏል። እዚያው ሽጡት። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ሁለታችሁም ካላችሁ ሁለታችሁም ሳትበሩ መፈረም አለባችሁ። ከሸጣችሁ በኋላ ደግሞ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለዋሽንግተን ስቴት በኦንላይን አሳውቁ። አለዚያ ገዢው የሚቀጣው የፓርኪንግ ቅጣት ቦሌ ድረስ ይከተላችኋል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ አሜሪካ የተሰጠ የልደት ሰርተፍኬት መጀመሪያ ስቴቱ ያረጋግጠዋል፣ ቀጥሎ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ፣ መጨረሻ ላይ ኤምባሲያችን። ሁለቱ ዲሲ ናቸው። ስለዚህ ፖስታችሁ ሲያትል ምን ይሠራል? ዲሲ አካባቢ የምታምኑት ዘመድ ካለ ሁሉም ነገር በእሱ አድራሻ ይግባ፤ ፖስታ ቤትም ጊዜያዊ የአድራሻ ለውጥ ይቀበላል። ለዚያው ሰው ውክልና ስጡት። ሞንታና ሆናችሁ ፈርሙ ስትባሉ እሱ ይፈርማል።

ኮንቴነሩ ጅቡቲ ወርዶ ምናልባት ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው የሚመጣላችሁ። ቀኑን አትመኑት፤ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕሩ ችግር ብዙ መርከብ አፍሪካን ዞሮ ሲመጣ ነበር። ጉምሩክ የሚያስጨርስላችሁ ትራንዚተር አሁኑኑ ፈልጉ። የዕቃ ዝርዝራችሁ ከካርቶኖቹ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ "ልዩ ልዩ የቤት ዕቃ" ብሎ የጻፈ ሰው ጉምሩክ ፊት ካርቶን ሲያስፈታ ይውላል። ፓስፖርት፣ የትምህርት ቤት ማስረጃና የክትባት ካርድ አንድ ቦርሳ ውስጥ አድርጋችሁ በእጃችሁ ያዙ።

የእንጀራ ምጣድሽ የአሜሪካ ከሆነ 120 ቮልት ነው። እዚህ 220 ነው፤ ሰክተሽ ታቃጥይዋለሽ። ቫኑ ላይ ያለውን ተንቀሳቃሽ ባትሪም ለሰው ስጡት። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ መንገደኛ አውሮፕላን ላይ አይወጣም።

እማማ ከአሌክሳንድሪያ፦

ልጄ፣ እንዲህ አድርጊ። እንቅልፉ የቫኑ ይሁን፣ ቀሪው የእነሱ። እራቱ፣ ቁርሱ፣ ገላ መታጠቡ ሁሉ እነሱ ቤት። ስትደርሺ የቆሸሸውን ልብስ ዘርግፊና "እባክሽ ማሽንሽን አበድሪኝ" በያት። እንግዳ ያስጨንቃል፣ ልብሱን የሚያጥብ ግን ቤተኛ ነው። ከዚያ ወዲያ የት ተኛሽ የሚልሽ የለም።

ለክርስትና እናቲቱ ግን አንድ ሌሊት ልጅቷን ስጫት። ፍራሽ ገዝታለች እኮ!

አጎትሽን ከበጉ በፊት ተነጋገሪው። መውጫሽን "ኤምባሲ ቀጠሮ አለን" ብለሽ ሳትቀመጪ ንገሪው፤ ከበላሽ በኋላ ምንም ብትዪ አይሰማሽም። ረቡዕና ዓርብም እንዳትደርሱበት። ታረደ ተብሎ በጾም ቀን ከገባችሁ ፍስኩ እስኪመጣ ታግታችሁ መቅረታችሁ ነው።

የሬኒየሯ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እማማ፣ የልብስ ማጠቡን ነገር ባለቤቴ ሰምቶ "ይቺ ሴትዮ አምባሳደር መሆን ነበረባት" አለ።

የዴንቨሯ ጓደኛዬ ሰፈሯን ጠየቀች፤ ቫን በር ላይ ማሳደር ክልክል ነው አሏት። አሁን ንዴቷ በሙሉ እነሱ ላይ ሆኗል። "የእኔን እንግዳ እነሱ ማን ሆነው ነው የሚከለክሉት?" ትላለች። ጎረቤት ያለ ቤተክርስቲያን ጓሮ ልታስፈቅድልን ነው። ስለዚህ ቫኑ ውስጥ የምናድረው በራሷ ትግል ነው ማለት ነው።

ፖስታው ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው የባለቤቴ ወንድም ተዛውሯል፤ ውክልናውንም ለእሱ እንሰጠዋለን። ምጣዱን አጎቴ ወርሶታል፤ ከኮንቴነሩ ተርፎ ቫኑ ውስጥ ነበር። ኮሎምበስ ቅዳሜ ገብተን ሰኞ ጠዋት እንወጣለን ብዬ ነግሬዋለሁ። "እናያለን" ብሏል።

ላንጋኖ ስለቀረ ቫኑ ለሽያጭ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያላችሁ የምትፈልጉ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ምድር ቤት ፓርኪንግ አይገባም፤ አፓርታማ የምትኖሩ ከመደወላችሁ በፊት ይህን እወቁ። መጋረጃው አብሮ ይሸጣል። ጀበናው አይሸጥም።