ቆዳው ሲያምር ውስጡ አልበስል የሚለኝ የዶሮ ደረት

እባካችሁ እርዱኝ። ለቤተሰብ እራት የዶሮ ደረት ከነአጥንቱና ከነቆዳው ኦቨን ውስጥ መጥበስ እወዳለሁ። ሙቀቱን 220 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳደርገው ቆዳው ቶሎ ይቀላል፣ አጥንቱ ሥር ያለው ሥጋ ግን ገና ጥሬ ነው። ወደ 180 ስቀንሰው ውስጡ ይበስልና ቆዳው ልፍስፍስ ይላል። የሥጋ ቴርሞሜትር አለኝ፤ ውስጡ 74 መድረስ እንዳለበትም አውቃለሁ። ግን አጥንት ሳይነካ የቱ ጋ ልሰካው? ደግሞ ወፍራሙ ቦታ 74 ሲደርስ ቀጭኑ ጫፍ እንጨት ሆኖ ይጠብቀኛል። ይሄ ነው በጣም ያስቸገረኝ። 70 ላይ አውጥቼ ባሳርፈው በያዘው ሙቀት ብቻ 74 ይገባል? ልጆች ስለሚበሉት በግምት መሥራት አልፈልግም። በከፍተኛ ሙቀት ጀምሬ ልቀንስ ወይስ መጨረሻ ላይ ልጨምር? የተሳካላችሁ ካላችሁ፣ ዲግሪውንና ደቂቃውን ንገሩኝ።